በሽርጥ ኪስ የከረመው ሜትር

ሰፈሩ ሁሉ «መዳፍ» ነው የሚላት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወጌሻነቱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ከቤቷ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ የእንጨት አልጋ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጠርሙስ ዘይት ይዛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ወለምታና የደረቀ ወገብ ስታሽ ኖራለች። ሰው ሲያመሰግናት «እኔ ምን አደረግሁ፣ እጄ ነው» ትላለች። ታዲያ ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት እራቷ ናት!

ከአምስት ዓመት ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ትሠራለች። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጇ የምትሆን ቀጭን ሴት፣ ትከሻው የደረቀበትን፣ አንገቱ አልዞር ያለውን እየመረጠች ለእሷ ትሰጣለች። በመጀመሪያው ቀን ይቺው ልጅ የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችላት።

«እትዬ፣ ባቱ ያበጠ ሰው ከመጣ ዘይቱን ሳይነኩ ሁለቱንም ባት ይለኩ። አንደኛው በሦስት ሴንቲ ከበለጠ እንዳያሹት፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ይላኩት። ውስጡ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ሲታሽ ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሰውየው አለቀለት።»

መዳፍ ከት ብላ ሳቀች። «እጄ እያለ ሜትር ምን ያደርግልኛል?» አለች። ቤቷ ገብታ ሽርጧን ስትፈታ ግን አንድ ሰው ትዝ አላት፤ ክው አለች።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ቤቷ የመጣ የአንድ ፋብሪካ ጥበቃ ነበር። ሚስቱ ደግፋው መጣ፣ አንድ እግሩ አብጦ። መዳፍ አንድ ሰዓት ሙሉ አሸችው። «እፎይ! እጅሽ ይባረክ» ብሏት ሄደ። በሦስተኛው ቀን በሚጠብቀው በር ላይ ትንፋሽ አጥሮት ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ለቅሶው ላይ እሷም ይህንኑ ብላለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለች። ሜትሩንም አንድ ቀን አላወጣችውም፤ ብታወጣው ያመነች መሰላት። ያበጠ ባት የያዘ ሰው ሲመጣባት «ዛሬ እጄን አሞኛል» ብላ ትሸኘዋለች። የተሸኘው የት እንደሚሄድ አትጠይቅም። የት ይሄዳል? ማዶ ካለው ወጌሻ ዘንድ ነዋ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ እያነከሰ ገባ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ያሳደጋት እሱ ነው። አጥንቱ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጄሶ ውስጥ የከረመ እግሩ ከተፈታ ገና አምስት ቀኑ ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ መጥቷል።

«ነገ ጠዋት መሪ ካልያዝኩ ቁልፉን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል» አለ፣ ሱሪውን እየጠቀለለ። «እስቲ አፍታቺልኝ፣ እህት ዓለም።»

ባቱን ነካች። ይፋጃል። በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። እጇ የነገራትን መቀበል አልፈለገችም፤ ሳታስበው ከሽርጧ ኪስ ሜትሩን መዘዘች። ጤነኛው ባት ሠላሳ ስድስት ሴንቲ። ያበጠው አርባ።

«ምነው፣ ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው እንዴ?» አለ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች ሳቁ።

«ጋሼ... ዛሬ እጄን አሞኛል።»

«ኧረ ባክሽ!» አለች ከአግዳሚው አንዷ። «አሁን የእኔን ወገብ ስትፈጪው ምን ሆነሽ ነበር?»

የወንድሟ ፊት ተለወጠ። «ለባዳ ያልታመመ እጅ ለእኔ ታመመ? ጥሩ ነው። ማዶ ሌላ ወጌሻ አለ» ብሎ ተነሣ።

«ሆስፒታል እንሂድ፣ በሞቴ!»

«ስድስት ሳምንት አስረው ያደረቁኝ እነሱ አይደሉም እንዴ? ዛሬ ከገባሁ ነገ አልወጣም። እንጀራዬን ልትዘጊው ነው? ልቀቂኝ!»

በሩ ላይ ቆመች። በክንዱ ገፋት። ግዙፍ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ከእጇ በቀር የረባ ጉልበት የላትም። አንድ እግሩ ደጃፉን ሲረግጥ ማዶ ያለው ወጌሻ ዘይት ሲያሞቅ በዓይኗ መጣባት። የሠላሳ ዓመት ስሟ ከኋላዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እያያት ነው። ምን ታድርግ?

«ሰው ገድያለሁ፣ ጋሼ!»

ወንድሟ ባለበት ቆመ።

«ጥበቃውን ታውቁታላችሁ። እግሩ እንዲህ ነበር፣ እንዲሁ የሚፋጅ። አሸሁት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። የገደልኩት እኔ ልሁን ቀኑ ይሁን፣ ማወቅ አልችልም። ግን ስፈራው አምስት ዓመቴ ነው። አንተንም አሽቼ ልቅበርህ? አፈር ስሆን፣ ሁለተኛ ሰው አታስገድለኝ!»

ወንድሟ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። «መኪና ጥሩልኝ» አለ።

ሆስፒታል በመሣሪያ ሲታይ የረጋው ደም ከባቱ አልፎ እስከ ጭኑ ደርሷል። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው «ታሽቷል?» ብሎ ነበር።

«አልታሸም» አለ ወንድሟ። «እህቴ እምቢ አለችኝ።»

ደም ማቅጠኛ መርፌ ጀመሩለት። ቁልፉ በማግስቱ ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። እሱ ግን ተረፈ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አግዳሚው ባዶ ሆነ። ወገቧን ስታሳሽ የነበረችው እንኳ በሌላ መንገድ ትዞር ጀመር። ጠዋት ሠርታ ከሆስፒታል ትመለሳለች፣ አልጋውን ታነጥፋለች፣ ትቀመጣለች። የሚያንኳኳ የለም። ለካ ኩራት እራት አይሆንም።

በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። የጥበቃው ሚስት ናት።

«ሰማሁ» አለች ሴትዮዋ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ።

«ብትሰድቢኝም ይገባኛል፣ እህቴ። ብትመቺኝም።»

«ያን ቀን ሐኪም ቤት ልሂድ ብሎኝ ነበር» አለች። «'መዳፍ እያለችልህ ምን ያንከራትትሃል' ብዬ እየጎተትኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ለልጆቼ እንኳ አልተነፈስኩም። አንቺ በሰው ፊት ተናገርሽው አሉኝ።»

መዳፍ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ እንደ ሕፃን፣ ድምፅ አውጥተው። ሲወጣላቸው ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«እኔም እግሬን እያመመኝ ነው» አለች፣ ቀሚሷን ወደ ላይ እየሰበሰበች።

መዳፍ እንደ ልማዷ ወደ ዘይቱ ሄደች።

«ቆይ» አለቻት ሴትዮዋ። «መጀመሪያ ለኪኝ። ሁለቱንም።»