ድረስ ዓይን አላጠፋም

ባሌ ድረስ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሥዕሎቹን ሰቅሎ ለሰው አሳየ። ያን ቀን ከሰው ሁሉ ቀድማ የተፋችባቸው ሚስቱ ናት፤ እኔ የብርጓል። ሰው ታሪኩን ሲያወራ እኔ ዘንድ ሲደርስ ስሜን ይዘላል። አዝነውልኝ ነው አሉ። ማንም እንዲያዝንልኝ አልጠየቅሁም፤ እንደሆነው ራሴ እናገረዋለሁ።

ድረስ ሮብ ገበያ ከሚባል አገር የመጣ ሰው ነው። በልጅነቱ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ከአንድ ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እጅ ሥር ገባ። የዚያ ትምህርት ሕግ አጭር ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል። ገራፊ፣ ከሐዲና ሰይጣን በጎናቸው ይሣላሉ፤ አንድ አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ እንኳ የትኛውን ሥዕል እንደምትሳለም የምታውቀው ዓይን ቆጥራ ነው። ሌላም ሕግ ነበር፤ ጻድቃን ሁሉ ቀያዮች ናቸው፣ ጥቁሩ ቀለም ለሰይጣን ነው።

መምህሩ ሲሞት ድረስ አዲስ አበባ ሄደና አራት ዓመት ከአንድ አናጢ ጋር ሠራ። አናጢውን፣ ፈረንጅ ሁሉ «ሙሴ» ይባላልና፣ ሙሴ ኤልያስ ይሉታል፤ ከአሜሪካ የመጣ ጥቁር ሰው ነው። አያቱ ጥጥ የሚለቅም ባሪያ ነበረ፤ ከአያቱ ወዲያ ያለውን ዘሩን አያውቅም። ጥቁር ንጉሥ ያለበት አገር አለ ቢሉት መጋዙንና መላጊያውን ጭኖ መጣ። እዚህም ባርኔጣውን ያየ ሁሉ «ፈረንጅ» አለው፤ ፊቱን ያየው ደግሞ ከኋላው «ባሪያ» አለው። በጦርነቱ ዓመት በሳንባ በሽታ ሊሞት ሲል ድረስን ጠርቶ፣ «እዚያ ጥቁር ነህ ብለው ከደጅ መለሱኝ፤ እዚህ ፈረንጅ ነህ ብለው። አንተ ሠዓሊ ነህ፤ ማን እንደሆንሁ ሣልልኝ» አለው።

ድረስ ቀብሮት ደብረ ማርቆስ ተመለሰ። እኔ ይህን ሰው ሳላየው ጠላሁት። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ፣ አስካሪ የሚሉት ቅጥር ወታደሩ በየመንገዱ ቆሞ፣ ሰው ለነገ መድረሱን ሲጠራጠር የእኔ ባል የሞተ አናጢ ይሥላል! በመምህሩ አሮጌ ጎጆ ዓመት ሙሉ ተዘጋ። ቀለሙን የምፈጭ እኔ ነኝ፤ ቀዩን ከአፈር፣ ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት። ጥቁሩ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት፣ «ኧረ ስንት ሰይጣን ነው የምትሥለው?» እለዋለሁ።

«አንድም» ይለኛል።

በ1930 ዓ.ም. የደብራችን መቅደስ ዝናብ ገብቶበት የግድግዳው ሥዕል ረገፈ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ደምለው፣ «ድረስ ይሣለው። ግን ከመምህሩ እጅ ከወጣ ወዲህ ሥራውን ስላላየን አስቀድሞ የእጁን ሥራ ለሕዝብ ያሳይ» አሉ። የመቅደስ ግድግዳ የተሰጠው ሠዓሊ ስሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ይኖራል፤ ሚስቱም ከእንግዲህ የማንንም ፊት አታይም። እኔ ያን ግድግዳ ከድረስ ይልቅ ፈለግሁት። የሚሰቅለውን ምረጥ ብዬ ለመንሁት፤ ከመምህርህ የተማርኸውን የማርያም ሥዕል ስቀል አልሁት። ዝም አለኝ። ዝም ሲል እሺ ያለ መስሎኝ፤ እኔ ነኝ ሞኟ።

በደብሩ ዓመታዊ በዓል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ በሁለት ጽዶች መካከል ገመድ ወጥሮ ዘጠኝ አቡጀዲ ሰቀለ። አንዷ ሴት ጥጥ ትለቅማለች። አንዱ አባት አንገቱ ላይ ገመድ ገብቶ ገበያ ቆሟል፤ የሚገዙት ነጮች በጎናቸው ተሥለዋል። ሙሴ ኤልያስ ሳንቃ ይልጋል። በሰባተኛው አቡጀዲ ላይ እሱ ከስድስት ሰዎች ጋር ተቀምጧል፤ የስድስቱ ፊት ባዶ ነው፤ የማያውቃቸው አያቶቹ ናቸው። ጥቁሮቹ ሁሉ፣ ከሰል የመሰሉት ሁሉ፣ በሁለት ዓይናቸው ትክ ብለው ያዩናል።

ሰዉ መጀመሪያ አማተበ። ቀጥሎ ጮኸ። «ሰይጣንን በሁለት ዓይን!» ያሉ ነበሩ፤ «ባሪያ ሥሎ ሊያሳልመን ነው!» ያሉም ነበሩ።

አለቃ ደምለው ሰዉን ዝም አሰኝተው፣ «ይኼ ማነው?» አሉ።

«ሙሴ ኤልያስ ነው፣ አለቃ።»

«ቅዱስ ነው?»

«ሰው ነው።»

«ሰው ከሆነ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ስንት ቤት ይቆጥራል?»

«አያቱ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሸጠዋቸው ነው፣ አለቃ፤ እሱ ረስቶ አይደለም።»

ሰዉ ሳቀ። በእኛ አገር ሰባት ቤት የማይቆጥር ሰው ሚስት እንኳ ማን ይሰጠዋል? አለቃ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንድ አንድ ዓይናቸውን አጥፋ። አሁን፣ ሰዉ እያየ። ግድግዳው ያንተ ነው» አሉት።

«ያየኝ በሁለት ዓይኑ ነበር፤ አላጠፋም» አለ ድረስ።

ግድግዳዬ ሲናድ ታየኝ። ባሌ እንጂ እኔ ከእነዚህ ጋር እንዳልሆንሁ ሰው ይወቅልኝ ብዬ ወጣሁና ሙሴ ኤልያስ ፊት ላይ ተፋሁ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ የዚያን ቀኗ ጅብ እኔ ነበርሁ። ከጎኔ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የምሽጉ ካፒቴን ጫጫታውን ሰምቶ መጥቶ ኖሮ በስተቀኜ ቆሞ ፎቶ ያነሣል። አስተርጓሚው ታረቀ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ «ድገሚው ይልሻል» አለኝ።

ደገምሁት። አዎ፣ ደገምሁት! ከኋላዬ ሰዉ ተከትሎ ተፋ፤ ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ጥቁር በጥቁር ላይ ሲተፋ ካየሁት ሁሉ ይኼ ይበልጣል ይላል» አለ ታረቀ።

አለቃ ደምለው ተቆጡ። «እኛን ነው ጥቁር የሚለን?»

ታረቀ ጠየቀላቸው። ካፒቴኑ ከሥዕሉ ወደ አለቃ፣ ከአለቃ ወደ ሥዕሉ አየና አጭር ቃል ተናገረ። «ልዩነቱን አሳዩኝ ይላል።»

አለቃ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወዲያ የተፋ አልነበረም።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን ነጮቹ ለምን አንድ ዓይን ብቻ እንዳላቸው ጠየቀ። ታረቀም ከእኛው እናት ተወልዶ፣ ከእኛው ሥዕል ሥር ቆርቦ፣ ምሥጢሩን ዘርግፎ ነገረው። የካፒቴኑ ሳቅ ጠፋ። ድረስን አሰሩት። ቅዳሜ ሥዕሎቹ በምሽጉ በር፣ በገበያው መንገድ ይሰቀሉ፤ ድረስ ሰው እያየው የጥቁሮቹን አንድ አንድ ዓይን ያጥፋ፤ ለነጮቹ ሁለተኛ ይጨምር፤ ገበያተኛውም እየተፋ ይለፍ ተባለ። ቀለሙን ሚስቱ ታምጣ አሉ። አለቃም ካፒቴኑም ከባሌ የፈለጉት አንድ ነገር መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነበርሁ።

ቅዳሜ ጥላሸቱን ፈጭቼ ሄድሁ። ድረስ ከንፈሩ አብጧል። ቀለሙን ስሰጠው፣ «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ሌላ አላለም። ብሩሹን ነከረ። ገበያተኛው ቆሟል፤ አለቃ ደምለውም ከሰዉ መካከል ነበሩ። ድረስ ሙሴ ኤልያስን አለፈው። ጥጥ ለቃሚዋንም አለፋት። ሰባተኛው አቡጀዲ ጋ ቆመና ከስድስቱ ባዶ ፊቶች በአንዱ ላይ አንድ ዓይን ሣለ። አስካሪዎቹ የሚያጠፋ መሰላቸው። ሁለተኛውን ሣለ። ወደሚቀጥለው ፊት እጁን ሲያነሣ ታረቀ ጮኸ፤ አስካሪው ቀኝ እጁን በሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ያሰብሁት ነገር የለም። ሄጄ፣ አዲሱን ፊት፣ ቀለሙ ያልደረቀውን፣ ተሳለምሁት። ጥላሸቱ ከንፈሬ ላይ ቀረ። እኔንም መቱኝ። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት የሚባሉ መነኩሴ በትራቸውን ተደግፈው መጥተው ከእኔ ቀጥለው ተሳለሙና አስካሪውን፣ «ሁለት ዓይን አለው፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አሉት። ከእሳቸው ኋላ አራት ሴቶች መጡ። ከመካከላቸው የተፉም ነበሩ፤ ማን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። አለቃ ደምለው አልተፉም፤ አልተሳለሙምም። ዘጠኙንም አቡጀዲ አስካሪዎቹ ከሰዓት በፊት አቃጠሏቸው።

የድረስ እጅ ጠምሞ ዳነ። ሮብ ገበያ ገብተን ገብስ አረስን፤ ብሩሽ ግን ዳግመኛ አልያዘም። ጣሊያን ሲወጣ የመቅደሱን ግድግዳ ከሌላ አገር የመጣ ሠዓሊ ሣለው። ድረስ ሄዶ አይቶ፣ «ጥሩ እጅ ነው» ብሎ ተመለሰ። እስከ ዕለተ ሞቱ መትፋቴን አንድ ቀን አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ፣ ቢሰድበኝ፣ በያዘው ዱላ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ካፒቴኑ ቅዳሜ ዕለት ፎቶ ማንሻውን አልያዘም። ሥዕሎቹ አመድ ሆነዋል፤ ስንሳለም ፎቶ ያነሣን የለም። ከዚያ ሁሉ የተረፈው ካፒቴኑ ወደ ጣሊያን አገር ይዞት የሄደው ፎቶግራፍ ነው፤ ባሏ በሣለው ሰው ፊት ላይ የምትተፋ ሴት። ካፒቴኑ የቆመው በስተቀኜ ነበር። የሚታየው አንድ ዓይኔ ብቻ ነው።