ድንጋይ ያልያዘ ይቅርታ

ዛሬ አሰላ መናኸሪያ፣ ወደ ጢቾ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስንጋፋ አንድ ወጣት እግሬን ረገጠኝና «ሶሪ» አለኝ። ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ስድስተኛ ክፍል እያለሁ፣ ስንዴያችንን የሚያጭደው ኮምባይነር ወደ ኋላ ሲሄድ ጆንያ ይዞ የቆመውን ታላቅ ወንድሜን ጨፍልቆ ገደለው። በሦስተኛው ቀን ሾፌሩ ጸጉሩ ላይ ገለባ እንዳለ፣ ናፍጣ እየሸተተ ለቅሶ ድንኳናችን ገባና ዓይነ ስውሩ አያቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ሶሪ… በጣም ሶሪ።»

አያቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ተማሪዋ፣ ምን አለኝ?»

«ይቅርታ ማለቱ ነው፣ አባባ።»

«እናንተ ትምህርት ቤት መቼ ነው የምትሉት?»

ምነው በዋሸሁ! «እግር ስንረጋገጥ» አልኳቸው።

አያቴ እጃቸውን ዘርግተው የሾፌሩን አንገት ዳሰሱ።

«እኛ ዘንድ ነፍስ ያጠፋ ሰው ይቅርታ የሚለው በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ያንተ ድንጋይ የታለ?»

ሰውየው ወጥቶ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ «እግር የረገጠ መሰለው» እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። አንገቱን ሲዳስሱት ፊቱ በእንባ ርሶ እንደነበር አላዩም። እኔ አይቻለሁ። አልነገርኳቸውም።

«ምንም አይደል» አልኩት ወጣቱን። የረገጠው እግሬን ነው።