ድልድያችንን ያስቆመብን ልጅ

ይህ የገጠመኝ ዓምና ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እኔ አዲሱ ገበያ ሱቅ አለኝ፤ ደንበኞቼ እንደሚያውቁኝ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ልጅ ላይ ያልወረደ የእርግማን ዓይነት አልነበረም። ዛሬ የዚያ ልጅ ስም ሲነሳ ዓይኔ እንባ የሚያቀርረው ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

ቤታችን ቀጨኔ፣ ከመንገዱ ወርዶ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ በበጋ ልጆች እየዘለሉ የሚሻገሩት ውሃ ነው። በክረምት ግን አያድርስ! አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከወሎ መጥቶ ቤቱን ሲሠራ ከግቢያችን በር እስከ መንገዱ ዳር አንዲት ድልድይ ሠራልን። ከሥር ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ ከላይ ሳንቃ። እኛን እስካሁን ያሻገረችን እሷ ናት።

እናቴ ኩላሊቷን ታማለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ሄዳ በማሽን ትታጠባለች። አንድ ቀን ከቀረች ሰውነቷ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚያ በላይ ብትቀር ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮናል። እሷ ግን በከዘራዋ ቀስ እያለች ድልድዩን ትሻገርና መንገድ ዳር የሚጠብቃት ታክሲ ውስጥ ትገባለች።

ሰኔ ላይ አንዱ ሳንቃ ከእግሯ ሥር ተሰበረ። አላህ ሲያተርፋት ከዘራዋ ብቻ ነው የገባው። ክረምቱ ሳይጠነክር ሳንቃውን በሙሉ ልቀይር ወሰንኩ። አንድ ጎረቤቴ፣ «ወንዝ ዳር ያለ ነገር ሲታደስ እኮ ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሂድ» አለኝ። «የገዛ በሬን ላድስ ብዬ ማንን ነው የማስፈቅደው?» ብዬ ሳቅሁበት።

ቅዳሜ አናጺ ቀጠርኩ። እኩለ ቀን ላይ አሮጌው ሳንቃ ሁሉ ተነቃቅሎ አልቆ ብረቶቹ ብቻ ቀሩ። አዲሱን መምታት ልንጀምር ስንል አንድ ወጣት ደንብ አስከባሪ ከነዩኒፎርሙ መጣ።

«ጋሼ፣ የእድሳት ፈቃድ አለዎት?» አለኝ።

«የምን ፈቃድ? የአባቴ ድልድይ ነው!»

«የአባትዎ ቢሆንም ወንዝ ላይ ነው ያለው። ባለሙያ ሳያየው ሥራው አይቀጥልም።»

በቃ፣ ጮህኩ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አናጺው ደግሞ መጋዙን ይዞ የት እንደገባ እንጃ። እማ ጩኸቴን ሰምታ ከማዶ፣ ከግቢያችን በር ላይ ቆመች።

«ሰይዶ፣ ተው እንጂ! ልጁ ሥራው ሆኖበት ነው» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ልጄ፣ እኔ ሰኞ ጠዋት እጥበት አለብኝ። እንግዲህ በምን ልሻገር ነው?» አለችው።

ልጁ የተነቃቀለውን ድልድይ አየ፤ እሷን አየ። «ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት እማማ?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሄደ። እኔ ከኋላው፣ «አንተን እናት አልወለደችህም?» ብዬ ጮህኩበት። ዞር አላለም።

እሑድን በጭንቀት ዋልኩ። እኔ ራሴ እንዳላዝላት የስኳር ጆንያ ሳነሳ ያመጣሁት የወገብ ዲስክ አለብኝ፤ ከባድ ነገር እንዳላነሳ ተከልክያለሁ። ለጊዜው የከተማው ሌላ ጫፍ ያለችው እህቴ ቤት እንውሰድሽ ብላት፣ «የአባትህን ቤት ትቼ? ወላሂ አላደርገውም!» አለች። እሷ ወላሂ ካለች አለቀ። ሰኞ በጠዋት የሚያሻግሯት ሁለት የቀን ሠራተኞች ከገበያው ለምኜ ላመጣ ወሰንኩ።

ሰኞ ገና ሲነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ያው ልጅ ነው። ዩኒፎርም አልለበሰም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በፕላስቲክ ቦት ቆሟል። ሊቀጣኝ የመጣ መስሎኝ፣ «ደግሞ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሥራውን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። እማማን ማስቆም ግን አልችልም። አዝዬ ላሻግራቸው ነው የመጣሁት።»

እማ ይህን ሰምታ ኖሮ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። «ኧረ ሰው ምን ይለኛል! በዚህ ዕድሜዬ ጎረምሳ ጀርባ ላይ!» አለች እየሳቀች። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። «ልጄ ነህ አይደል?»

«ልጅዎ ነኝ።»

«በል እንግዲያው፤ ልጅ እናቱን ቢያዝል ማን ምን ያገባዋል።»

ጎንበስ አለላት። በቁልቁለቱ ወርዶ፣ ድንጋይ ድንጋዩን በእግሩ እየፈተነ ውሃውን አሻገራት። እኔ ከዘራዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በሕክምናዋ ቀን ሁሉ እየመጣ ያሻግራት ጀመር። ስትመለስም ከሥራው አስፈቅዶ ይመጣል። እማ ጀርባው ላይ ሆና ታወራዋለች። ስሙ ታሪኩ ነው፤ አገሩ ጨንቻ፤ ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ አጎቱ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን ስለ እናቱ ስትጠይቀው፣ «ተማሪ ሳለሁ ታመመች። ሐኪም ቤት ሳናደርሳት አረፈች» አላት። ያን ጊዜ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ነበርኩ። ያን ቅዳሜ ለት የተናገርኩት ነገር ትዝ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለፈቃዱ ያኔውኑ የመጀመሪያው ሰኞ አመልክቼ ነበር። «ባለሙያ በተራ ይመጣል» ተባልኩ። ችግሩ ተራው ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ተራ አያውቅም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ውሃው የታሪኩን ጉልበት አልፎ ጭኑ ደረሰ። አሻግሯት፣ ታክሲ ውስጥ አስገብቷት ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል። «ጋሽ ሰይድ፣ ከዚህ ከጨመረ አልደፍርም። እኔስ ልውደቅ፤ እሳቸው ከጀርባዬ ቢወድቁ ግን ምን እላለሁ?» አለኝ።

ከዚያው ሁለታችንም ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነው። ታሪኩ ስለ እማ ለሠራተኛዋ ሲነግራት የሰሙት ባለጉዳዮች፣ «ኧረ ይቅደም! ይቅደም!» አሉ። አንዷ እናት ደግሞ «አላህ ያሽርልህ» ብላ በእጇ ወደፊት ገፋችኝ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጣጣ ነበራቸው እኮ!

ባለሙያዋ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ወጣት መሐንዲስ ናት። ከድልድዩ ሥር ገብታ ብረቱን ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት በኩል በመዶሻ መታ መታ ስታደርገው ዝገቱ እየተቀረፈ ወደቀ። በውስጡ የቀረው ብረት ጣቴን አያክልም።

«ሳንቃውን ብቻ ቀይራችሁ ቢሆን ኖሮ፣» አለች፣ «አንድ ቀን ሰው እላዩ እንዳለ አብሮ ይወርድ ነበር።»

ሰው ያለችው እማን ነው። ሌላ ማን ቀስ እያለ ይሄድበታል? እዚያው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ታሪኩ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «አብሽር ጋሼ» አለኝ። ከእማ የለመዳት «አይዞህ» ናት።

ፈቃዱ ብረቱም እንዲቀየር፣ መደገፊያም እንዲኖረው ተብሎ ተሰጠን። አልሀምዱሊላህ፣ በነዚያ ቀናት ዝናቡ ራራልን፤ ውሃው ቀንሶ ታሪኩ ማሻገሩን ቀጠለ። በያጅ ብረቱን ቀየረ፤ ያ የጠፋው አናጺም ተገኝቶ ሳንቃውን መታ። እማ መደገፊያውን ይዛ በእግሯ ተሻገረች። ታሪኩ ማዶ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጣ እንደ እንግዳ በር አያንኳኳም።

ዘንድሮ ጥር ላይ ታሪኩ አገባ። ሠርጉ ላይ የሙሽራው እናት ቦታ ባዶ እንዳይሆን እማን ለምኖ እዚያ አስቀመጣት። አጎቱ የሸመነላትን ጥለት ያለው ነጠላ ከሂጃቧ በላይ ጣል አድርጋ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሲዘምሩ እሷም በጭብጨባ ታጅባቸው ነበር።

ሙሽሮቹ ወላጆችን ጉልበት ሊስሙ መጡ። ታሪኩ እማ ፊት ጎንበስ አለ፤ ልክ ወንዙ ዳር እንደሚያደርገው። እማ ጀርባውን መታ አደረገችው።

«ተነስ አንተ! ዛሬ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

በዙሪያችን የነበሩት ነገሩን ሳያውቁ ሳቁ። ታሪኩ ግን አልተነሳም። ፊቱን ጉልበቷ ላይ ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ያን ሁሉ ሰው አላፈርኩም፤ አለቀስኩ።

ታሪኩ ሥራችንን ባያስቆምብን ኖሮ እናቴ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር ለማለት አልደፍርም። ድልድዩን በተሻገርኩ ቁጥር አላህን አመሰግናለሁ። «እናት አልወለደችህም?» ብዬው ነበር። ወልዳዋለች፤ እሷን አፈር በላት። አሁን የእኔን እናት «እማ» እያለ ሲጠራት፣ ከወንድሜ አፍ እንደምሰማው ደስ እያለኝ እሰማለሁ።