ዓይኑን በዓይኑ ሊያይ የነበረው ፀጉር አስተካካይ

የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሲሠራ ስለሚያንጎራጉር ስሙ «ጋሽ ዜማ» ሆኖ ቀረ። መቀሱ እንኳ ከዜማው ጋር ነው የሚሄደው፤ ዜማው ሲረዝም ፀጉሩ ያጥራል።

በዚያ ሳምንት ደስታው ከደጅ የሚሰማ ነበር። ርቃ የምትኖረው ሴት ልጁ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ይዛ ቅዳሜ ልትመጣ ነው። «ዓይኔን በዓይኔ ላይ ነው!» ይላል ለገባው ለወጣው ሁሉ።

አንድ ማለዳ ግን ሽፋሽፍቱ በዓይናር ተጣብቆ አልላቀቅ አለው። በውኃ አርሶ ከፈተው። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል።

«ዓይን ማዝ ነው፣ ሐኪም ጋ ሂድ» አለችው ሚስቱ።

«ሰው ካላየሁበት አይጋባም» ብሎ ጥቁር መነጽር አጠለቀና ሱቁን ከፈተ። ዓይኑን በነጭ ፎጣው እየጠራረገ፣ በዚያው እጁና በዚያችው ፎጣ የደንበኛውን ሁሉ ፊት ሲያብስ ሰነበተ። መጀመሪያ የጎረቤቱ የልብስ ሰፊው ዓይን ቀላ፤ ቀጥሎ የደንበኞቹ ተራ በተራ። መንገዱ ከለቅሶ የተመለሰ መሰለ።

«አንተ ሰውዬ፣ በመነጽር አሾልከህ አየኸኝ እንዴ?» አለው ልብስ ሰፊው፣ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት።

ይሄኔ ጋሽ ዜማ ደነገጠና ጤና ጣቢያ ሄደ።

«መነጽሩ ለምንድነው?» አለች ሲስተር።

«ሰው እንዳላይበት።»

ሳቋ አመለጣት። «ጋሽዬ፣ ይኼ በዓይን አይሄድም! በእጅና በፎጣ ነው የሚሄደው። በምንዎ ነው ዓይንዎን የሚጠርጉት?»

ፎጣዋ ትዝ አለችው። አፈረ።

«እንዳያሹት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ፎጣና የትራስ ልብስዎን ለብቻ ያድርጉ። ዓይናሩን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ይኼን የምሰጥዎን የዓይን ጠብታ ለማንም አያውሱ። ሕመሙ ከጠናብዎ፣ ብርሃን ካስቸገረዎ ወይም እይታዎ ከደበዘዘ ቶሎ ይምጡ። እስኪሻልዎ ሱቁ ይዘጋ።»

«የልጅ ልጄስ? ቅዳሜ ትመጣለች።»

«እስኪጠራ ድረስ አይቀፏት። የሕፃን ዓይን ሲቀላ ቀልድ የለም።»

ቅዳሜ ደረሰ። ልጁ ሕፃኗን ታቅፋ ሳሎን ገባች፤ አያት በረንዳ ላይ፣ ከመስኮቱ ማዶ ቀረ። እጁ ባዶውን እሹሩሩ ይላል።

«አባዬ፣ በሩቁ እንኳ አንጎራጉርላት» አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገና፦

ዓይን ለዓይን መጋጨት ማንን መቼ ጎዳ፤
ፎጣ ስንዋዋስ መጣብን ይህ ፍዳ።

ገና ጥርስ ያላበቀለችው ሕፃን ድምፁን ፈልጋ ወደ መስኮቱ ዞረችና ፈገግ አለች። የአያት እንባ ወረደ፤ እጁ ወደ ዓይኑ ሲሄድ ሚስቱ ከውስጥ «እጅህን!» ብላ ጮኸች።

ደግነቱ ልጁ ቶሎ አትሄድም ነበር። መቅላቱ እየሳሳ፣ ዓይናሩ እየደረቀ ሄደ። ሱቁም ተከፈተ፤ ለያንዳንዱ ደንበኛ የታጠበ ፎጣ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። «ሱቅህን ባለሸራ መርከብ አደረግከው» ይለዋል ልብስ ሰፊው።

ዓይኑ ሲጠራ፣ ሲስተርም «አሁን ይቀፏት» ስትለው፣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ ሕፃኗን ተቀበለ። ዓይኑን በዓይኑ አየ። ዜማውን ሊጀምርላት ጎንበስ አለ።

እሷም ትንሽ አየችውና፣ ምራቋ ያልደረቀ ጣቷን ዘርግታ ዓይኑ ውስጥ ከተተችው።

«ኧረ ሲስተር!» አለ ጋሽ ዜማ በሳቅ እየተንከተከተ፣ «የዚችንስ እጅ ማን ያጥባል?»