ጭብጨባው ይመለስ

የልጅ ልጄ እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማዋል። አንድ ቀን ያ ድምፅ አዘዘውና የሱቅ መስታወት ሰበረ። እንደሱ የታመሙ ሰዎች ከመታሰር ይልቅ እንዲታከሙ የሚያደርግ ችሎት አለ ተባለ። መድኃኒቱን እየወሰደ በየሳምንቱ ዳኛዋ ፊት ከቀረበ ክሱ ይዘጋለታል፤ ካልሆነ እስር ቤት ይገባል። እናቱ ስትሪፕ በሚባለው የትልልቅ ሆቴሎች ጎዳና ላይ ሆቴል ታጸዳለች፤ የሥራ ሺፍቷ አይለቃትም። ስለዚህ ከምሥራቅ ላስ ቬጋስ በአውቶቡስ ይዤው የምሄደው እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ቀን ስሙ ሲጠራ አብሬው ተነሣሁ። በእኛ አገር ለተከሰሰ ሰው ዋስ ይቆምለታል።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ አስተርጓሚው። «እዚህ ዋስ አልተጠየቀም።»

«ባይጠየቅም ቆሜያለሁ። ንገራት።»

ነገራት። ዳኛዋ ፈገግ አለች። «ካሉ ይቁሙ ብላለች» አለኝ አስተርጓሚው።

የልጅ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዳኛዋንም አስፈራራሻት» አለና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እዚያ ችሎት መድኃኒቱን በደንብ ለወሰደ ሰው ሁሉ ይጨበጨባል። እኔም ለማንም ሳላዳላ አጨበጭብ ነበር።

አንድ ጠዋት ጫማው ውስጥ የተደበቁ ክኒኖች አገኘሁ። አውቶቡስ ላይ ጠየቅሁት።

«ስሎው ያደርገኛል፣ ያደነዝዘኛል፣ እማዬ። ዝም በይ በቃ።»

«እሺ፣ ለዳኛዋ ራስህ ንገራት።»

ከእሱ በፊት የተጠራው ሽማግሌ መድኃኒቱን ማቋረጡን አመነ። ማንም አላጨበጨበለትም፤ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የእኔው ተራ ደረሰና «እየወሰድኩ ነው» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። እውነት የተናገረው ሽማግሌ ሳይቀር አጨበጨበለት። ይህን መታገሥ አልቻልኩም።

«አልወሰደም» አልኩ። «ጭብጨባው ይመለስ።»

አስተርጓሚው አየኝ። «እማማ፣ እንዳሉት ልንገራት?»

«እንዳልኩት።»

ዳኛዋ አላሰረችውም። ነርሶች መድኃኒት በእጃቸው የሚሰጡበት ቤት ገብቶ እንዲኖር አዘዘች። የልጅ ልጄ ሲወጣ ሳያየኝ አጠገቤ አለፈ። እስካሁንም አያናግረኝም። ስልክ ስደውል ነርሷ «ደኅና ነው፣ ተኝቷል» ትለኛለች። በቀንም ብደውል ተኝቷል ነው።

አሁን አውቶቡሱን ብቻዬን እሳፈራለሁ። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ቦርሳዬን አኖራለሁ፤ ሰው ሲመጣ አነሣለሁ። ችሎት ውስጥ ከኋላ እቀመጣለሁ። እሱን ከሚኖርበት ቤት ያመጡታል። የፊቱ ወዘና ተመልሷል፤ አሁን የሚጨበጨብለት በእውነት ነው። ስሙ ሲጠራ አሁንም እቆማለሁ። ዳኛዋ ታየኛለች። እሱ አይዞርም።