የአጥር ስር ጭብጦ

የልጅ ልጄ ሯጭ ነው። ውድድር ሲቀርብ ማካሮኒ በሳህን ሙሉ ይበላል፤ «ጉልበት ይሰጣል እኮ እማዬ» ይለኛል። ሳቄ ይመጣል። እኔ ረጅም ሩጫ የተማርኩት ማካሮኒ በላተኞቹ አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ እነሱን ለመቅደም ስል ነው።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ከአንኮበር በላይ ያለው ጫካ ገብቷል፤ እኔ ደብረ ብርሃን ዳር እናቴ ቤት ቀርቻለሁ። ከጣሊያን ጦር ሰፈር ወሬ ሲወጣ ወደ ጫካው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ሴት ነጠላዋን አገልድማ ብትሮጥ መርዶ የሰማች ትመስላለች እንጂ ማንም አይጠረጥራትም። እግሬም፣ ራሴን ላሞግስና፣ ፈጣን ነበር።

ያስቸገረኝ የሰው ደግነት ነው። በመንገዱ ላይ ምስጢሩን የሚያውቁ ሴቶች ነበሩ፤ የአንዷን ደጅ ሳልረግጥ ካለፍኩ ቅያሜ ነው። ከገባሁ ደግሞ ገበታ ይቀርባል።

«ቸኩያለሁ አክስቴ!» እላለሁ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ተቀመጪ! በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ትላለች የአባቴ እህት፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አፌ ውስጥ እየጠቀጠቀች። ከእሷ ቤት ጠላ፣ ከሚቀጥለው ሽሮ፣ ከዚያ ገንፎ በቅቤ። የመጀመሪያ ቀን ጫካው የደረስኩት ሆዴን በሁለት እጄ ደግፌ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ባሌ ሳቀብኝ፤ ከዚያ ኮስተር አለ።

«የዛሬው ወሬ ቀላል ነው። በከባዱ ቀን እንዲህ ከደረስሽ የምታገኚው ሬሳችንን ነው» አለኝ።

አለቀስኩ። ስመለስ አክስቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ «ባሌን በጉርሻ ልታስገድሉት ነው!» ብዬ ጮህኩባት። በታላቅ ላይ መጮህ ነውር ነው፤ እኔ ግን ቁጡ ነኝ፣ ዛሬም አልተወኝም። አክስቴ ግን፣ «ሳልመግብሽማ አታልፊም። ሳትቆሚ የምትበዪበትን መላ እንፈልጋለን» አለች።

ሴቶቹ መከሩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ልሮጥ ነው ሲባል በየአጥሩ ስር በቅጠል የተጠቀለለ የበሶ ጭብጦ፣ ከጎኑም ውሃ በቅል ይቀመጥልኝ ጀመር። በሶው በጨውና በበርበሬ የታሸ ነው፤ ጎንበስ ብዬ አነሳና እያላመጥኩ እሮጣለሁ። ከአልዩ አምባ ወጥታ ገደሉ አፋፍ የሰፈረች የነጋዴ ሚስት ደግሞ፣ «ቢስሚላሂ በይና ጉረሺው» እያለች ተምር ትጨምርልኛለች። ባንዳዎቹ ቅሉንና ጭብጦውን ሲያዩ የቆሌ ግብር ይመስላቸዋል፤ አማትበው፣ ዞር ብለው ያልፋሉ። እኛ አጥር ውስጥ ሆነን በሳቅ እንፈርሳለን።

ከባዱ ቀን መጣ። ጦሩ በዚያው ማታ ጫካውን ሊከብ መሆኑን ጠዋት ሰማሁና ተነሳሁ። ሆዴ ቀሎኛል፣ ጉልበቴም አልከዳኝም። አክስቴ ከአጥሯ ማዶ ቆማ አየኋት፤ አፏን በነጠላዋ ጥፍንግ አድርጋ ይዛለች። «በሞቴ» እንዳትል መሆኑ ገባኝ። እንዲህ እንደምትወደኝ አላውቅም ነበር፤ እንባዬን እየጠረግኩ ጭብጦዋን አንስቼ አለፍኩ።

ፀሐይ ገና ከፍ እንዳለች ጫካው ደረስኩ። ሰፈሩ ባንድ አፍታ ተነቀለ፤ ማታ የመጣው ጦር ያገኘው አመድ ብቻ ነው። ባሌ ጠመንጃውን አንግቶ፣ እጄን ይዞ ሊወጣ ሲል ፊቱን ልብ ብዬ አየሁት። ጉንጩ ገብቷል። ስንት ቀን እንዳልበላ እግዜር ይወቀው።

ከነጠላዬ ጫፍ የመጨረሻዋን ጭብጦ ፈታሁ።

«አንቺ ሴት፣ አሁን ጊዜ አለ?»

«በሞቴ!» አልኩት።

አፉን ከፈተ፤ ግማሹን አጎረስኩት፣ የቀረውን እኔ ጎረስኩ። ሁለታችንም እያላመጥን ቁልቁል ሮጥን።