ሞት የማይለፈፍባት ትራምፔት

የአያ አራጌን ታሪክ በሚገባ ለመጻፍ የምበቃ አይመስለኝም፤ ስዊንግ ስለሚባለው የጃዝ ምት የማውቀውም እሳቸው ያስተማሩኝን ያህል ብቻ ነው። ሌላ የሚጽፈው ሰው ግን አላገኘሁም።

አያ አራጌ በአዲስ አበባ በጦር ሠራዊት ባንድ ዐሥራ አራት ዓመት ትራምፔት ነፍተው ወደ ቆቦ ሲመለሱ፣ ያቺኑ ትራምፔት፣ አንድ ግራማፎንና ሰባት የጃዝ ሸክላዎች ይዘው መጡ። ዘወትር ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ይነፋሉ፤ ባለቤታቸው እቴ ሀሊሜ ደግሞ የፈረንጁን ዳንስ ከራያ ጭፈራ ጋር አዋህደው ይጨፍራሉ።

"ስዊንግ ማለት ምቱን ጥቂት አዘግይቶ መያዝ ነው" አሉኝ አያ አራጌ አንድ ቀን። "የራያ ጎረምሳ ገበያ ሲገባ አይተኸዋል? አይቸኩልም፤ ግን ማንም አይቀድመውም።"

በ1966 ዓ.ም. ረኃቡ ሲበረታ በከተማው የሚነፋ ነገር ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ ቀረው። የዕድር ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ነውና፣ ትራምፔቷ በተሰማች ቁጥር ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣ ጀመር። አንድ ቀን፣ ሁለት ልጆቿን የቀበረችው ኡሙሃኒ እያለቀሰች ከደጃቸው ቆመች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እህቴ። ሙዚቃ ነው።"

"አላህ ይይልህ!" ብላ ተመለሰች።

በማግሥቱ የዕድሩ ዳኛ አቶ እንድሪስ መጡ። "አንተ አራጌ፣ ወይ ተወው፣ ወይ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ሁን። የኛውስ ነፊ ትንፋሹ አልቋል።"

"እተወዋለሁ። ሞት ግን በእኔ ትራምፔት አይለፈፍም። ደግ ወሬ ሲመጣ ራስህ መጥተህ ንፋ ትለኛለህ።"

"እስከዚያ ከንፈርህ ይደርቃል!"

"አይደርቅም።"

ሦስት ወር ሙሉ የትራምፔቷን አፍ ብቻ ነቅለው፣ ጋቢ ተከናንበው እንደ ንብ ጥዝ እያሰኙ ከንፈራቸውን ሲያለማምዱ ከረሙ። እቴ ሀሊሜ "ቀፎ ውስጥ ገባህ እንዴ?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ከዚያ እህል የጫኑ መኪኖች በጎብዬ በኩል ገቡ። ከየገጠሩ መጥቶ በግራር ሥር የተኛው ሕዝብ ግን የእህሉን ወሬ አልሰማም፤ የዕድሩ ጡሩንባ ቢነፋለትም ሌላ ሬሳ መስሎት ፊቱን ሸፈነ። አቶ እንድሪስ እያለከለኩ ደረሱ።

"አያ አራጌ፣ ንፋ!"

"ሞት ቢመስላቸውስ?"

"በዚያ በሚንቀራፈፈው ምትህ ንፋው! በሱ የተለፈፈ ሞት የለም።"

ነፉ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እቴ ሀሊሜ ትከሻቸውን እየሰበቁ በመንገዱ መካከል ፊት ፊት ሄዱ፤ በግራሮቹ ሥር አንገቶች ቀና ቀና አሉ። ኡሙሃኒ ባዶ ቁና ይዛ ተነሣች።

"ዛሬስ ማን ሞተ?"

"ማንም!" አሉ እቴ ሀሊሜ እጇን ይዘው። "ስንዴ መጣ። ነይ፣ አትቸኩዪ፤ ግን ማንም አይቅደምሽ።"